በቀትር የመሸባቸው

በሬን ከፍቶ የሚይዘው ድንጋይ ነው። እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ በር ያለ ድንጋይ አይቆምም። ረፋድ ላይ ንፋሱ ይነሣና ሳንቃውን ይዞ ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል፤ ስለዚህ በየቤቱ የበር ድንጋይ አይጠፋም። የእኔ ግን ለበር ተብሎ የተመረጠ አይደለም። ጥቁር ነው። አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ሲሆን በሌላው ወገን የሰው አንገት የገባበት ይመስል ጎድጎድ ያለ ነው። ዝናብ ሲነካው ብረት ብረት ይሸታል።

ባለፈው ሰሞን ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አንዲት ወጣት ሠራተኛ ወደ ቤቴ መጣች። ስልኳንና የወረቀት አቃፊዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ከንፋሱ ጋር ስለ ሻርፗ እየታገለች ነበር።

“እማማ፣ የጓሮውን ሁለት ክፍሎች ይስጡን” አለችኝ።

እነዚያን ክፍሎች ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ነበር የማከራያቸው። ለምን እንደፈለገቻቸው ጠየቅኋት።

“ከባሎቻቸው ሸሽተው የሚመጡ ሴቶች አሉ፣ ከነልጆቻቸው። ማሳደሪያ የለንም። ትናንት አንዷን ከሦስት ልጆች ጋር ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ነው ያሳደርናት። ሼልተር እስኪሠራ ድረስ ለአስቸኳይ ኬዞች ብቻ ነው።”

“ኬዝ ምንድን ነው?”

“ሴቶቹን ማለቴ ነው፣ እማማ” አለችና አፈረች።

ክፍሎቹን ዞራ አየች። መስኮቶቹን ገፋ አድርጋ ሞከረቻቸው፤ ፎርሟ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አድራሻው ምስጢር ሆኖ መያዝ እንዳለበት ነገረችኝ። በዚህ ከተማ ምስጢር የሚባል ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ። ስትወጣ የበሩ ድንጋይ አውራ ጣቷን መታት።

“ውይ! ይኼ ድንጋይ ይነሣ፣ እማማ። ሕፃናቱን ያደናቅፋል።”

“ድንጋዩ አይነሣም” አልኋት።

የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ልጅቱም ደነገጠች። “እሺ፣ ካሉ ይቀመጥ” ብላ ቀስ ብላ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ድንጋይ አንድ ጊዜ አንሥቼዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ዘጠነኛ ክፍል ሊያስገባኝ ከገጠር ሲያመጣኝ ማደሪያ የተከራየልኝ ከአንዲት ክር ሻጭ እስላም ሴት ግቢ ነበር። ዛሬ የምኖርበት ግቢ ማለት ነው። ባላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ሞተውባቸዋል። ልጅ አልነበራቸውም። ዘመዶቻችን “የክርስቲያን ቤት ጠፍቶ ነው?” ብለው አጉረመረሙ። አባቴ ግን “ጠላ ከማይሸጥበት ቤት ሰካራም አይገባም፤ ልጄ ትማርበታለች” አለ። ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸው ስሜን ጠርተውት አያውቁም፤ “አንቺ ተማሪ” ነበር የሚሉኝ።

ቤታቸው በክር ሽታ የታወደ ነበር። ለጥለት የተነከረው ክር፣ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ወይን ጠጁም፣ ከጣሪያው እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ንፋስ በገባ ቁጥር ይወዛወዛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ነጩ ግድግዳ ቀለም ይቀበል ነበር። እኔ እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነበር የማጠናው።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ለምሳ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ከእትዬ ጋር ደጅ ላይ ክር እናጠነጥን ነበር። እሳቸው ልቃቂቱን ይጠቀልላሉ፤ እኔ ክሩን በሁለት እጄ ወጥሬ እይዛለሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስለነበረች ጥላችን እግራችን ሥር ገብቷል። ከድንጋዩ ካብ ወዲያ አንዲት ሴት መጥታ ቆመች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ይዛለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች።

“ቤቶች” አለች። “መሽቶብኝ ነው።”

እኔ ሳቅሁ። ይህን ዛሬም ድረስ አልረሳውም። “እንዴ! ቀትር እኮ ነው!” አልሁ።

በእኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ “መሽቶብኝ ነው” ይላል። ከዚያ በኋላ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ ይተኛል። ቃሉን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። በጠራራ ፀሐይ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ ልቃቂቱን ወርውረው ተነሡ። “ዝም በይ፣ አንቺ ተማሪ!” አሉኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ “ግቢ፣ እናቴ፣ ግቢ። እውነትሽን ነው፤ መሽቷል” አሏት።

ውስጥ ገብታ ነጠላዋን ስታወርድ ግማሽ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ይመስል ነበር። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ በቅርብ የወጣ ነው፤ ድዷ ገና አልደረቀም። እኔ የማጠቢያውን ውኃ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሰው በሰው ላይ እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። አባቴ እናቴን ሲቆጣ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አላየሁም። እትዬ ገንዳውን ከእጄ ተቀብለው እግሯን ራሳቸው አጠቡ። አንድም ጥያቄ አልጠየቋትም።

ጥያቄ ባይኖርም ነገሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወጣ መጣ። ከስማዳ በኩል ሁለት ቀን በእግሯ ነው የመጣችው። እትዬ አንድ ቀን ለዳኛ ትናገር እንደሆን አንሥተው ነበር። እንግዳዋም ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ “ዳኛው የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ እኛ ቤት ነው ሲበላ የሚውል” አለች። እኛ ጋ የመጣችው ክርስቲያን ገበሬ የጠፋችበትን ሚስቱን እስላም ቤት ገብቶ አይፈልግም ብላ ነበር። ቤቱን የጠቆማት አንድ አህያ ነጂ ነጋዴ ነው፤ ከእትዬ ባል ጋር ይነግድ የነበረ።

እትዬ የክር ማስቀመጫውን ክፍል ለቀቁላቸው። እንግዳዋ በነበረችበት ሰሞን ከቤቱ የሥጋ ድስት አልተጣደም። “ድስቱን ፈርታ ጦሟን እንዳታድር” ነበር ያሉኝ። እኔ እሑድ እሑድ ከቤት የምሸከመውን ስንቅ፣ ቆሎውንና ድርቆሹን፣ ከእነሱ ጋር እካፈል ነበር። ንፋስ በሩን ባላተመው ቁጥር እንግዳዋ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። ንፋስ መሆኑን ስታይ ተመልሳ ትቀመጣለች። የተወሳሰበ ክር እንደ እሷ የሚፈታ ሰው አላየሁም፤ በእነዚያ በማይታጠፉት ጣቶቿ ጫፍ ጫፉን እየፈለገች ቀኑን ሙሉ ትፈታለች።

ከሁሉ ያስደነገጠችኝ ግን ትንሿ ልጇ ናት። አንድ ቀን እትዬ ከጣሪያው የጥለት ክር ሊያወርዱ እጃቸውን ቀና አደረጉ። ልጅቱ አጠገባቸው ነበረች። ምንም ሳትናገር፣ ሳታለቅስ፣ ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና ቁጢጥ አለች። እትዬ እጃቸው እላይ እንዳለ ቀሩ። ከዚያ ቀስ አድርገው አወረዱት። ከዚያን ቀን ወዲያ ክር ሲፈልጉ እኔን ያዝዙኛል፤ ልጅቱ ውጭ መሆኗን ካየሁ በኋላ ነው የማወርደው።

ማታ ማታ በከሰል ሀ ሁ አስተምራት ጀመር። ጨዋ ልጅ ነበረች። ስሟ ሲጠራ “አቤት” ሳትል ቀርታ አታውቅም።

ያም ነው የጎዳን። በአንድ የገበያ ቀን፣ ከአገራቸው ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው በካቡ አጠገብ ሲያልፍ ልጅቱን ግቢ ውስጥ አያት። በስሟ ጠራት። ከውስጥ ሆነን “አቤት!” ስትል ሰማናት። እንግዳዋ የያዘችው ክር ከእጇ ወደቀ። ስንወጣ ሰውየው የለም።

እትዬ ሌላ ቦታ ሊወስዷት አሰቡ። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ የጭነት መኪና ጠየቁ። ሕፃኑ ግን በዚያ ሳምንት ትኩሳት ይዞት ስለነበር፣ “እስኪሻለው” ተባለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ሕፃኑ ገና እያሳለ፣ ባልዮው ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ቄስ ናቸው። ባልዮውን ሳየው ዳግም ደነገጥሁ። አውሬ የመሰለ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ረጋ ያለ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ለሽማግሌዎቹ መንገድ የሚለቅ ሰው ነው። የእኔን አጎት ይመስላል። በእጁ ካቡን ተደግፎ ቆመ፤ ዓይኑን አላነሣም።

እትዬ ከውስጥ ለእንግዳዋ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። “ስሚኝ፣ እናቴ። ድንጋይ ይሸከማል። አውቃቸዋለሁ። እንዳትነኪው። ገበያው እስኪፈታ ብቻ ቁሚ። ሰው ሲበተን እነሱም የሁለት ቀን መንገድ አለባቸው፤ ይሄዳሉ። ነገ መኪናው ይመጣል።” እንግዳዋ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ሰማሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም።

በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ከተበደለው ሰው ደጅ ይጎነበሳል። ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው፣ ወይም በእሱ ፈንታ የቤቱ ሰው ነው። ካወረደለት ታረቀ፤ ነገሩ ሞተ። ሳያወርድለት ያቆመው እንደሆነ አገር ይፈርድበታል።

ባልዮው ከእትዬ ካብ ላይ አንድ ድንጋይ ነቅሎ አንገቱ ላይ አደረገና ከበሩ ፊት ጎነበሰ። እንግዳዋ የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ትንሿ ከቀሚሷ ሥር። ገበያተኛው ካቡን ከቦ ተንጠለጠለ። ሽንኩርት የያዘ ሽንኩርቱን፣ ዶሮ የያዘ ዶሮውን እንደያዘ።

“ልጄ” አሉ ቄሱ፣ “እግርና እግርም ይጋጫል።”

“እግርና እግር ሲጋጭ ጥርስ አይረግፍም፣ አባ” አሉ እትዬ።

ከካቡ ላይ ሳቅ ተነሣ። “ኧረ ሴትዮዋ!” አለ አንዱ።

ቄሱ ተቆጡ። “አንቺ ደግሞ በክርስቲያን ትዳር ምን ጥልቅ አደረገሽ?”

“ትዳሩ የክርስቲያን ነው፤ በሩ የኔ ነው።”

“ስለ እመቤታችን ብለሽ፣ ልጄ፣ አውርጂለት” አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። “ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። ሌላ ምን ይበል?”

“ድንጋዩንማ አየነው” አሉ እትዬ። “ዱላውን የት አስቀምጦት መጣ?”

እንግዳዋ አንድ ቃል አልተናገረችም። አልተንቀሳቀሰችም። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የባልዮው ላብ ከግንባሩ ወደ አፈሩ ይንጠባጠባል፤ የሚወድቅበት ቦታ ጠቁሮ አያለሁ። ከገበያተኛው መካከል ሳቁ ቀዘቀዘ። አንዲት አሮጊት፣ “ምነው ጨከነች! ሰው ከድንጋይ ሥር ይቆማል?” አሉ። ሌላዋ “እሱ አንገተ ወፍራም ነው፣ ይችለዋል!” አለቻቸውና እንደገና ተሳቀ። የሰውየው ጉልበት ከሸክሙ የተነሣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ገበያው ግን መሳሳት ጀምሮ ነበር። ከላይ ሰፈር አህዮች እየተጫኑ እንደሆነ ይሰማኛል። ጥቂት ነበር የቀረን።

እኔ ከበሩ በስተግራ፣ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርሁ። በዚያ ጊዜ ቀና አለ። ሚስቱን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። በዝግታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

“እቴ፣ ተቀበይኝ” አለኝ።

ይህን ቃል የማያውቅ ይኖር እንደሆነ ልንገራችሁ። ሸክም የከበደው መንገደኛ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው “ተቀበለኝ” ይለዋል። ልጅ ከሆንህ ሮጠህ ትቀበላለህ። እንጨት የተሸከመች አሮጊት፣ እህል የተሸከመ ሽማግሌ፣ ማንም ይሁን። ትቀበል ወይስ አትቀበል ብለህ አታስብም። እናቴ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ተቀብዬ የማላውቀው ሸክም አልነበረም።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ድንጋዩን ከሥሩ ሳቅፈው ከላቡ ሙቀት የተነሣ ሞቅ ብሎ ነበር። ከባድ ነበር። ደረቴ ላይ አስጠግቼ ወደ መሬት ሳወርደው ነው ያደረግሁት የገባኝ።

“ወረደለት!” ብሎ ጮኸ አንዱ። “የቤቱ ልጅ አወረደችለት!”

እልልታው ከካቡ ላይ ተነሣ። ቄሱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። “ተመስገን! በድንግል ልጅ እጅ ወረደ። ይህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው!”

“ተከራይ ናት!” ብለው ይጮኻሉ እትዬ። “ወላሂ ተከራይ ናት! የቤቱ ልጅ አይደለችም!” ማን ይስማቸው። እልልታው ድምፃቸውን ዋጠው። ገበያተኛው ደስ ብሎት ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ዛሬ ድረስ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

እንግዳዋ ያንን ሁሉ ሰው አየች። ከዚያ ገብታ ነጠላዋን ይዛ ወጣች። ሌላ የምትይዘው አልነበራትም። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጆቼን ነበር የምታየው፤ ድንጋዩ መዳፌን ልጦት ነበር።

“አይዞሽ” አለችኝ። “ከባድ ነበር።”

ሲሄዱ ትንሿ ወደ ኋላ እያየች ነበር። ባልዮው ሕፃኑን ተቀብሎ ታቅፎታል።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ድንጋዩን ወደ ካቡ ልመልሰው ጎንበስ አልሁ። “ተይው” አሉ እትዬ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። “ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ እጁን ነው የመጣው። የተሸከመው ከካቤ እስከ በሬ ነው። ሃያ እርምጃ።” ከዚህ ሌላ ምንም አላሉም። አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ገብሱ ታጨደ። እኔ ትምህርት ቤት ሄድሁ፣ መጣሁ። የጥለቱን ክር ሳወርድ፣ ልምድ ሆኖብኝ፣ ልጅቱ ውጭ መሆኗን ለማየት ዞር እላለሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ውድማው ገና ሳይጸዳ፣ በአንድ ቀትር፣ ከካቡ ወዲያ አህያ ቆመ። ነጂው ያ የእትዬ ባል ወዳጅ ነጋዴ ነበር። ከጨው አሞሌዎቹ መካከል ትንሿን አንሥቶ አወረዳት። ብቻዋን ነበረች። ጥቂት እርምጃ ወደ በሩ መጣችና ቆመች። እናቷ እንዴት እንደሚባል አስተምራታለች።

“ቤቶች” አለች። “መሽቶብኝ ነው።”

እትዬ ተነሡ፤ ግን አልተራመዱም። “እናትሽስ?” አሉ። በሕይወታቸው እንግዳ ሲጠይቁ የሰማኋቸው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ልጅቱ ወደ ነጋዴው ዞረች። ነጋዴው ጥምጣሙን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። “ቀበሯት” አለ።

“ምን ሆና?”

መሬት መሬት አየ። “ወድቃ ነው አሉ።”

“ከምን ላይ?”

“እኔንጃ። ወድቃ ነው አሉ። ሁሉም እንደዚያው ነው የሚሉት።”

ንፋሱ በሩን አላተመው። ልጅቱ አልደነገጠችም። እኔ ነኝ ብድግ ያልሁት። እትዬ እንባቸው ሳይመጣ ወደ ደጁ ወጡና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው እያንከባለሉ ወደ ቤት አስገቡት። ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ልረዳቸው ስሄድ በክንዳቸው ከለከሉኝ። በሩ ሥር አቆሙትና ልጅቱን አስገቧት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንጋዩ ቀን በሩን ከፍቶ ይይዛል፤ ሲመሽ ደግሞ ከውስጥ ይደገፋል።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ሕፃኑ ከአባቱ ዘመዶች ጋር ቀረ ሲሉ ሰማን። ስለ ባልዮው የሚወራውን እትዬ እንዲነገር አይፈቅዱም ነበር። ልጅቱን አሳደጉ። ማተቧን አላስፈቱም፤ እሑድ እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ፤ የጾሟን ወጥ ራሳቸው ይሠሩላታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚሁ ከተማ ቢሮ ተቀጠርሁ። ከዚያ ግቢ አልወጣሁም። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቁኝም ኪራዩ ርካሽ ነው እል ነበር። እትዬ ሲያርፉ ቤቱን ለልጅቱ ተናዘዙ። እሷ ያን ጊዜ አግብታ ደብረ ታቦር ገብታ ነበር። “እታለም፣ አንቺ ኑሪበት” አለችኝ። ይኸው እየኖርሁበት ነው። እሷም ዛሬ አያት ሆናለች። በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ስለ እህል ዋጋ እናወራለን፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም እናወራለን። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

የጽሕፈት ቤቷ ልጅ ከሄደች በኋላ ደብረ ታቦር ደወልሁላት። ቤቱ የእሷ ስለሆነ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ነገሩን ነገርኋት።

“ይህም ይጠየቃል እንዴ፣ እታለም?” አለች። “ስጫቸው።”

“የበሩ ድንጋይ ይነሣ አለች ልጅቱ” አልኋት።

ስልኩ ውስጥ የልጅ ልጆቿ ጫጫታ ይሰማል። በዚያ ጫጫታ ውስጥ፣ ሳላስበው፣ ስንት ዓመት የተቀመጥሁበትን ነገር ተናገርሁት።

“ያን ቀን ያወረድሁለት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለች።

“ማን ነገረሽ?”

“ማንም አልነገረኝም። ከእናቴ ቀሚስ ሥር ሆኜ አይቼሻለሁ።”

መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃለች ማለት ነው። ፀጉሯን ስሠራላት ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያን እጇን ይዤ ስወስዳት፣ በሠርጓ ቀን ስስማት፣ ቤቱን “ኑሪበት” ስትለኝ ታውቃለች። ልጠይቃት የፈለግሁትን አፌ አልያዘውም። እሷ ግን የገባት ይመስለኛል።

“እናቴ መንገዱን ሁሉ ስለ አንቺ ነበር የምታወራው” አለች። “‘ያቺ ተማሪ ክንዷን ሳያማት አይቀርም፤ ከባድ ነበር’ ትል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ። ሌላ ነገር ስትል አላስታውስም።”

ከዚያ እንደ ባለቤት ተናገረችኝ። “ድንጋዩ ይቀመጥ። ቀን ከፍቶ ይያዝላቸው፤ ሲመሽ ከውስጥ አስደግፉት። ንፋስ ነው እሱ አገር።”

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ከበሩ ቆመች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። በአንድ እጇ የታጠፈ ወረቀት ትዘረጋልኛለች።

“እማማ፣ ከጽሕፈት ቤት ነው የላኩኝ። ማኅተም አለው፣ ይዩት… እኔ ጥፋት የለብኝም፣ የመጣሁት—”

“ግቢ፣ እናቴ” አልኋት። “መሽቷል።”

ግራ ገብቷት ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ትንሹ ልጇ ድንጋዩን ዘለለና ገባ። እሷ ጀርባዋ ላይ በኩታ የታሰረ ጥቅል ነበራት፤ ቋጠሮውን ልትፈታ ስትታገል አየሁና እጄን ዘረጋሁ። ተቀበይኝ አላለችኝም። እኔ ነኝ የተቀበልኋት።

የአንድ ቤት ሙሉ ኑሮ ጥላ ለወጣች ሴት፣ ጥቅሉ በጣም ቀላል ነበር።